አንድ ማሻአላህ ስንት ሺህ ብር ነው?

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ባለቤቴ ትርንጎ አሁን ገበያ ስለሄደች ይህን የምለው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ስሌቴ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ሌላው ነገር ሁሉ ነው።

ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ስገባ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ከረባትና አንድ ወፍራም ጃኬት ይዤ ነበር። ጃኬቱን በገባሁበት ቀን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ከዚያ በኋላ ያወረድኩት አቧራውን ለማራገፍ ብቻ ነው። የቆቦ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። በየዓመቱ የዝውውር ፎርም እሞላለሁ፤ በየዓመቱ «ይጠብቁ» እባላለሁ። ስጠብቅ አገባሁ። ስጠብቅ ራያዎቹ ውሃ ሲያቀርቡልኝ ሳልጠጣ ማለፍ ነውር መሆኑን ተማርኩ። ስጠብቅ ላም ገዛሁ።

ስለ ላሟ ትንሽ ላውራ፤ ሳላወራ አላልፍም። ጥጃ ሆና ነው የገዛኋት። አድጋ ወተት መስጠት ስትጀምር አንድ ጠባይ አወጣች፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች ታየኛለች። ካረፈድኩ ደግሞ አንገቷን ነቅነቅ ታደርጋለች። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተርም በር ላይ ቆመው የሚያዩን ልክ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ላሟን «ዳይሬክተሯ» አልናት። ስሙ ከግቢያችን እንዳይወጣ ለትርንጎ አጥብቄ ነግሬያት ነበር። ከግቢ ያስወጣሁት ግን እኔው ነኝ፤ እሱን በኋላ እናየዋለን።

የዝውውሩ ደብዳቤ በዘጠነኛው ዓመት መጣ። በአሥር ቀን ውስጥ ቢቸና ካልተገኘሁ ቦታው ለተከታዩ ተጠባባቂ እንደሚሰጥ ይናገራል። ትርንጎ አንብባ አለቀሰች። እናቷ ቢቸና ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ፋሲካ ስንሄድ ልጃቸውን የለዩት በድምጿ ነው። «ሳታየኝ ልትቀር ነው» እያለች ስንት ሌሊት አላስተኛችኝም። ስለዚህ መሄዱ ቀልድ አልነበረም። ዕቃችንን የሚያደርስ አይሱዙ ተነጋግረን ለዓርብ ቀጠርነው። ለአይሱዙው የሚከፈለው ደግሞ ዳይሬክተሯ ከምታወጣው ላይ ነው።

የቆቦ ሰው ላም መሸጥ ሲፈልግ ምን ያደርጋል? በገበያ ቀን ወደ ከብት ተራ ይነዳታል። ደላላ ይይዛል። ደላላው የሻጭንና የገዢን እጅ አገናኝቶ «በል በለው፣ በል በለው!» እያለ ያወዛውዛል። ቀብድ ይያዛል፤ ምርቃት ይከተላል፤ አለቀ። ጎረቤታችን አያ ካሳው የዚህ ሥራ ባለሙያ ነው። ሶፋችን ላይ ተቀምጦ፣ «መምህር፣ ንዳትና አምጣት። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ትሸጣለች፤ ገዢም ከጎብዬ አለኝ» አለኝ።

«አያ ካሳው፣ ዘመኑ ተለውጧል» አልኩት። «አሁን ገበያው ወደ ላሟ ይመጣል እንጂ ላሟ ወደ ገበያ አትሄድም።»

«በምን ይመጣል?»

«በስልክ።»

«ስልክ ጡቷን ነክቶ ያያል?» አለኝ። ላልተማረ ሰው ቶሎ አልናደድም፤ አለፍኩት።

የአካባቢው ሰው ዕቃ የሚሻሻጥበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። እሁድ ዕለት ከረባቴን አስሬ ቁጭ አልኩና የጨረታ ደንብ አወጣሁ። ሰባት አንቀጽ አለው። በሰባቱም አላሰለቻችሁም፤ የፈጀኝ አንቀጽ አራት ነው። እንዲህ ይላል፦ «የላሟ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር አውራ ጣት የተጫነ ተሳታፊ በደረሰው ዋጋ ላይ አንድ ሺህ ብር እንደጨመረ ይቆጠራል።» አያችሁ? አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ለክርክር ቀዳዳ የለውም። ስጨርስ ራሴን በራሴ አደነቅኩ።

ከደንቡ ሥር ማስታወቂያውን ለጠፍኩ። «ዳይሬክተሯን በጨረታ እሸጣለሁ። ጤነኛ ናት፤ ወተቷ ጥሩ ነው፤ አልፎ አልፎ ትራገጣለች።» ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው። ግሩፑ ውስጥ እንዳሉ አላውቅም ነበር።

«መምህር» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እስካሁን ስንት ደረስኩ?»

አንድ ሰው ሲደነግጥ እውነቱን ይናገራል ይባላል። «ገና አልተጀመረም» አልኳቸው። ጆሮዬ ላይ ዘጉት። የመልቀቂያ ወረቀቴ ላይ ቀድመው ባይፈርሙ ኖሮ እስከ ዛሬ ቆቦ ነበርኩ።

ጨረታው ተጀመረ። የመጀመሪያው ፎቶ ከፊት ነው። አያ ካሳው፣ ያው ሊፈትነኝ ይመስለኛል፣ ለጎብዬው ገዢ ብሎ ተጫነ። ከሥሩ አንድ የማላውቀው ሰው፣ «ሐጂ ሰይድ ዋጃ» የሚል፣ «ማሻአላህ» ጽፎ አውራ ጣት ተጫነ። ሁለተኛው ፎቶ ከጎን ነው። አያ ካሳው ተጫነ፤ ሐጂ ሰይድ «ማሻአላህ» ብለው ተጫኑ። ሦስተኛው ከኋላ፣ አራተኛው ጡቷ፣ አምስተኛው ስታመሰኳ። ሐጂ ወይ ፍንክች! ሰባተኛው ላይ አያ ካሳው «የጎብዬው ሰው ከዚህ በላይ አይሄድም» ብሎ ወጣ። ስምንተኛውን ለጠፍኩ፤ እኔና ላሟ ጎን ለጎን ቆመን። «ማሻአላህ»፣ አውራ ጣት። ዘጠነኛው ላይ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል፤ የላሟ ጆሮ ብቻ ነው የገባው። አሁንም «ማሻአላህ»፣ አውራ ጣት።

ዋጋው ከከብት ተራው እጅግ በላይ ወጣ። «ሐጂ ሰይድ ከዋጃ አሸንፈዋል!» ብዬ ለጠፍኩ። ሐጂ ይህንም ማስታወቂያ ተጫኑት። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። ብቻውን ቀርቶ፣ አሸንፎም፣ በራሱ ላይ የሚጨምር ተጫራች በሒሳብ የለም። እኔ ግን ደስታ ላይ ነበርኩ። አያ ካሳው በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ «የጎብዬው ሰው አሁንም በልኩ ይወስዳታል፣ እንዳይመለስ ልያዘው?» ሲለኝ፣ «ተሸጣለች!» ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ሰኞ ደወልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። የቆቦው መምህር ነኝ፣ ባለ ላሟ።»

«ወአለይኩም ሰላም! ማሻአላህ፣ ላሟ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እርስዎን ትጠብቃለች።»

«አላህ ይጠብቃት!»

«ታዲያ መቼ ይመጣሉ?»

«ወደ ቆቦ? እመጣለሁ ኢንሻአላህ።»

«ማክሰኞ ይሁን?»

«ኢንሻአላህ፤ ምን ይሳነዋል።»

«በቃ ተዘጋጅታ ትጠብቅዎታለች።»

«አላህ ይጠብቃት አልኩህ እኮ ልጄ!» አሉኝና ተመራርቀን ዘጋን።

ትርንጎ «ምን አሉ?» አለችኝ። «ማክሰኞ» አልኳት። «ማክሰኞ አሉ ወይስ አንተ ነህ ያልከው?» አለችኝ። ይህች ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምን በሰዓቱ እንደምትጠይቅ አላውቅም።

ማክሰኞ ዳይሬክተሯን በሳሙና አጠብኳት። ሁለት ጊዜ ረገጠችኝ፤ አንዱ በሳሙናው ምክንያት ነው፣ ሌላው የቆየ ቂም ነው። ሐጂ አልመጡም። ረቡዕ ጠዋት ደወልኩ፤ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ አይነሳም። አይሱዙው ዓርብ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ጋለ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ተማሪ አውቀዋለሁ፤ እጁን ያወጣል፣ ያወጣል፣ ስትጠይቀው መሬት መሬት ያያል። ብዕሬን አነሳሁ።

«ከጨረታ ላፈገፈጉ ገዢ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ» አልኩት ርዕሱን። «ዘጠኝ ጊዜ በአደባባይ ቃል ሰጥተው ቃልዎን ያጠፉ ስለሆነ...» እያለ ይቀጥላል። ከእነ ስማቸው ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት።

ያ ግሩፕ ዶሮ ጠፋች ሲባል እንኳ ሃምሳ ሰው የሚንጫጫበት ነው። ዝም አለ። ጭጭ። በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻ፣ «መምህር፣ ሰውየውን ታውቃቸዋለህ?» ብሎ ጻፈ። «በሚገባ! ዘጠኝ አውራ ጣት አላቸው» ብዬ መለስኩ። ማንም አልሳቀም።

አያ ካሳው በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ገባ። በበሩ ሲገባ ነገሩ ከባድ ነው።

«ምን አደረግህ አንተ?» አለኝ። «ሐጂ ሰይድ እኮ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ደም የተቃባውን የሚያስታርቁ። በእሳቸው ቃል ስንት ጠመንጃ ወደ ግድግዳው ተመልሷል መሰለህ? እሳቸውን ነው ቃል አጣፊ ያልከው?»

ደነገጥኩ። ነገር ግን ትክክል የሆነ ሰውም ሊደነግጥ ይችላል፤ መደንገጥ መሳሳት አይደለም። «እንግዲያው ቃላቸውን ይጠብቁ!» አልኩት። «ነገ ላሟን እራሴ ነድቼ በራቸው ላይ አቆማታለሁ። በዓይኗ ሰው የምታሳፍር ላም ናት።»

ሐሙስ ማለዳ ከረባቴን አስሬ፣ ደንቡን ወረቀት ላይ ገልብጬ ኪሴ ከትቼ፣ ዳይሬክተሯን በገመድ ይዤ የዋጃን አስፋልት ተያያዝኩት። የቆቦ ባጃጅ ነጂ ዝም ብሎ የሚያልፍ አይምሰላችሁ። አንዱ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ «መምህር፣ ክፍል ቀየሩ እንዴ?» አለኝ። ሌላው፣ «ይቺኛዋ እንኳ ትሰማዎታለች!» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አትሰማኝም ነበር። መንገዱን ግማሽ እንደሄድን ማሽላ አየች። እሷ ወደ ማሽላው፣ እኔ ወደ ዋጃ ስንጓተት ከረባቴ ከገመዱ ጋር ተጠላለፈና ተያይዘን ማሳው ውስጥ ገባን።

አንዲት ሴትዮ ከማሳው መሐል ብቅ አሉ። «እሰይ! ከረባት ያሰረ እረኛ ሳላይ አልሞትኩም!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ጥሩ ነበር፤ ሰብል የተበላበት ሰው ሳቅ አይመስልም። ገመዱን ይዘው ላሟን አወጡልኝና «ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ?» አሉኝ።

«ወደ ሐጂ ሰይድ።»

ሳቃቸው ቆመ። «ያ መምህር አንተ ነህ?» አሉኝ። ማስጠንቀቂያዬ ቀድሞኝ ደርሷል። ገመዱን እጄ ላይ ጣል አድርገው ተመለሱ። ውሃ እንኳ «ጠጣ» አላሉኝም። በራያ ምድር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ውሃ ጠጣ ያላለህ ሰው ከስድብ ሁሉ የከፋውን ሰድቦሃል።

የሐጂ ሰይድን ቤት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሰዉ ሁሉ ሳልጠይቅ በአገጩ ያሳየኝ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ። ከሥሩ ሐጂ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የሐጂ ባለቤት እማማ ዘሀራ ተቀምጠዋል። ስልኩ መሬቱ ላይ፣ መሐላቸው ተቀምጧል። ለአስከሬን እንኳ እንደዚያ አይቀመጡም።

ሐጂ ግን ሲያዩኝ ተነሱ። «እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አገር ሰላም፣ መንገዱ እንዴት አረገህ» ብለው ሰላምታውን ሳያጎድሉ ጨረሱ። ከዚያ ዓይናቸው ላሟ ላይ አረፈ።

«ማሻአላህ!» አሉ።

«አሥር!» አልኩ እኔ፣ አፌን መቆጣጠር አቅቶኝ።

«ምኑ ነው አሥር?»

«ሺው ነዋ! አሁንም ጨመሩ እኮ!»

ሐጂ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ ሐጂ ዞሩ። ከዚያ ሐጂ ተቀመጡና ስልኩን አነሱት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ትናንት ከሽምግልና ስመለስ ሴት ልጄ ይህን ወረቀት አነበበችልኝ። ከዚያ በኋላ የማንንም ስልክ አላነሳሁም፤ ምን ብዬ አነሳለሁ? ጢሜ ሳይሸብት ጀምሬ ሰው አስታርቄያለሁ። ቃሉን አጠፈ የሚለኝ ሰው ዛሬ አየሁ። ቃሌን መልስ ካልክ እመልሳለሁ። ግን መቼ ነው የሰጠሁህ? እሱን ንገረኝ።»

ደንቡን ከኪሴ አውጥቼ አንቀጽ አራትን አነበብኩ። ድምፄ እንደ ክፍል ውስጥ ጀመረና መጨረሻ ላይ እንደ ዘገየ ተማሪ ሆነ።

«አውራ ጣት ማለት አንድ ሺህ ብር ነው?» አሉ ሐጂ።

«በአንቀጽ አራት መሠረት፣ አዎ።»

«ማሻአላህስ?»

«እሱ... እሱ በደንቡ አልተጠቀሰም።»

«እኔ ያልኩት እሱን ነው እኮ!» አሉ። «የሰው ከብት ዓይኔ ላይ ስትመጣ ዝም ብዬ ልለፍ? ነገ ወተቷ ቢነጥፍ፣ እግሯን ወለም ቢላት፣ ‹የሐጂ ሰይድ ዓይን ነው› ልባል? ከፊት አመጣሃት፣ ማሻአላህ አልኩ። ከጎን አመጣሃት፣ ማሻአላህ አልኩ። በኋላዋ በኩል አመጣሃት፤ እሱ እንኳ ይቅር ነበር፣ ግን ማሻአላህ አልኩ። በመጨረሻ አንተን ብቻህን አመጣህ፤ አንተም የሰው ልጅ ነህ ብዬ ማሻአላህ አልኩ።»

«አውራ ጣቱስ?»

«ልጄ ናት ያሳየችኝ። ‹አባ፣ መልካም ነው ለማለት ይሄን ንካ› አለችኝ። አንድ ጊዜማ መርዶ ላይ ተጭኜ ተቆጥታኛለች።»

አንዱ ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ አገር ኖሬ፣ የሰውን ከብት ያየ ሰው ሳይመርቅ እንደማያልፍ በየቀኑ እየሰማሁ፣ ምርቃቱን አንድ ሺህ ብር ብዬ ሒሳብ ሠራሁበት። አዛውንቱን በአደባባይ የሰደብኩት ላሜን ከክፉ ዓይን ስለጠበቁልኝ ነው። «አላህ ይጠብቃት» ያሉት እኮ እኔ እንደሰማሁት አልነበረም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ» አልኩ። «ላሜን ይዤ እመለሳለሁ።»

«የት ነው የምትመለሰው?» አሉ፤ አሁን ተቆጡ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ወረቀትህ በሰው ሁሉ እጅ ገብቷል። ላሟን ከመለስካት ‹እውነትም አፈገፈገ› እባላለሁ። እገዛታለሁ። ሐጂ ሰይድ ከቃሉ ወጣ ከሚባል ግመሌ ከበረት ትውጣ፤ እሸጣታለሁ!»

«አልሸጥም!» አልኩ።

«እገዛለሁ!»

«እሺ በግማሽ ዋጋ!»

«ዘጠኝ ጊዜ ጨመርክ ብለሃል፣ ዘጠኙንም እከፍላለሁ!»

«በነፃ ይውሰዷት!»

«ደግሞ ለማኝ ልታደርገኝ ነው?»

ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «ጌታዬ፣ ገዢ ዋጋ እየሰቀለ ሻጭ እያወረደ ሲጣላ እንዳይ ነው ለካ እስከዚህ ያቆየኸኝ!» አሉ።

በዚህ መሐል እማማ ዘሀራ የሉም። ዞር ስንል ላሟን ውሃ እያጠጡ ናቸው። ዳይሬክተሯ፣ እኔን በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትረግጠኝ፣ የአሮጊቷን እጅ ትልሳለች። እማማ ዘሀራ ጀርባዋን እያሹ፣ «እናንተ ለቃል ትጣላላችሁ፣ እሷ ውሃ ጠምቷታል» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ሳያዩ ፍርዱን ሰጡ።

«በርቢ ትቀመጥ።»

ርቢ ማለት እንዲህ ነው፦ ላሟ የእኔ እንደሆነች ትቀራለች፤ አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ ጠብቆ የሚያኖራት ሐጂ ነው፤ ወተቱ የጠባቂው ነው፤ የምትወልደው የሁለታችን እኩል ነው። ከጥንት ጀምሮ ከብት ያለው ሩቅ ሲሄድ የሚያደርገው ነው።

«መምህሩ አልሸጠም፤ ስለዚህ ሐጂ አላፈገፈገም» አሉ እማማ ዘሀራ። «ሐጂ ላሟን በእጁ አስገባ፤ ስለዚህ ቃሉ አልወደቀም። ሌላ ምን ቀራችሁ?»

የቀረው የእኔ ነበር። እዚያው ቁርቁራው ሥር ሆኜ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ማስተካከያ። ከጨረታው ያፈገፈገ ገዢ የለም። ሐጂ ሰይድ መረቁ እንጂ አልተጫረቱም። የተሳሳተው ደንቡን ያወጣው ነው፤ ሐጂን በአደባባይ ሰድቤያለሁና በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሐጂ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ስልካቸውን አቅርበው፣ ጣታቸውን አነጣጥረው፣ አውራ ጣት ተጫኑ። ከልማድ የተነሣ አንድ ሺህ ልደምር ነበር።

ተመራረቅን፤ ወተት ጠጣሁ፤ ውሃም ጠጣሁ። ስመለስ ያቺን የማሽላዋን ሴትዮ ከሩቅ ጣሳ ይዘው መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። «አነበቡልኝ» አሉና ጣሳውን አቀበሉኝ። ጠግቤ ነበር፤ ግን ጠጣሁት።

ቤት ስደርስ ትርንጎ በር ላይ ቆማለች፤ ዳይሬክተሯ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ።

«ላሟስ?»

«ዋጃ።»

«እሰይ፣ ብሩስ?»

«አልተሸጠችም።»

«ተሰረቀች?»

«በርቢ ሰጠኋት።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለችኝ።

«በሰማይ አይደለም፣ በዋጃ ነው» አልኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ደፍ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። «ነገ ዓርብ ነው። መኪናው በምን ይሄዳል? እናቴ በየቀኑ ነው እኮ የሚጨልምባት» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አያ ካሳው አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ማስተካከያዬን አንብቧል። ወደ ውስጥ ገብቶ ሶፋውን ተደገፈው፣ ቴሌቪዥኑን አየው፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ዘጋው። «ይሄ ሁሉ ቢቸና ድረስ ምን ያደርግላችኋል? ዕቃው ሲቀንስ ጭነቱም ይቀንሳል» አለ። ወጥቶ ሦስት ሰው ይዞ ተመለሰ። እጅ አገናኘ፣ አወዛወዘ፣ «በል በለው!» አለ፤ ስለ ኢንተርኔት ጨረታ ያስረዳሁበትን ሶፋ ከሥሬ ሸጠው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአይሱዙው ሒሳብ ሞላ።

«የድካምህን ልስጥህ፣ አያ ካሳው» አልኩት።

«ማሻአላህ በለኝ፤ ይበቃኛል» አለኝ።

ዓርብ ሄድን። ቢቸና ስንገባ አማቴ በር ላይ ነበሩ። የትርንጎን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አስጠግተው፣ «ከስተሻል!» አሏት። አይተዋታል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ «ከስተሻል ያለችኝን ሰማህ?» እያለች ስትስቅ ዋለች።

ባለፈው ሳምንት ግሩፑ ላይ ፎቶ ተለጠፈ። የለጠፈችው የሐጂ ልጅ ናት። ዳይሬክተሯ ወልዳለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ሴት ጥጃ። ከኋላ እማማ ዘሀራ የወተቱን ዕቃ ይዘው ቆመዋል። ወተቷንም አየሁ እንግዲህ። ልቤ ሞቀ። ለትርንጎ አሳየኋት፤ ትርንጎ ለእናቷ እያንዳንዱን እየነገረች አሳየቻቸው። እኔም ምንም ሳላስብ «ማሻአላህ» ብዬ ጻፍኩና አውራ ጣት ተጫንኩ።

ብዙም ሳይቆይ የሐጂ ድምፅ መጣ። ከበስተኋላ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ።

«መምህር! በአንቀጽ አራት መሠረት ጥጃዋ ላይ አንድ ሺህ ብር ጨምረሃል። ግማሿ ድሮም ያንተ ናት፤ ከራስህ ጋር ነው የተጫረትከው። ምስክሮች አሉ። ታዲያ መቼ መጥተህ ታያታለህ? እንዳታፈገፍግ! ትጠብቅሃለች።»

ስልኩን አፌ አጠገብ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ «ኢንሻአላህ» አልኩ።

ትርንጎ ከጎኔ ሆና ሰማችኝ። «ይሄኛው ደግሞ ስንት ሺህ ነው?» አለችኝ።

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ እዚያው አሰላሁት። ከቢቸና ቆቦ፣ ከቆቦ ዋጃ፣ ለሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ። ነገርኳት። አውራ ጣቷን አነሳችልኝ።